የዱሲክ ግብዣ

የባሌ ወንድም ዱሲክ ሲበላ ማየት አልወድም፤ ገና ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አልወድም። አጥንቱን መጦ መጦ ሲጨርስ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይልሳል፤ ከዚያ በዚያው ጣት የጎረቤት ልጅ ጉንጭ ይቆነጥጣል። ባሌ ዱቾል በሕይወት ሳለ «ወንድሜ ሆዳም ነው እንጂ ክፉ አይደለም» ይለኝ ነበር። ዱቾል የሰው ስም በክፉ ማንሳት የማይሆንለት ሰው ነበር። በሳንባ በሽታ ሞተና ከእናቱ፣ ከዶሮዎቹና ከዱሲክ ጋር ትቶኝ ሄደ።

የምንኖረው ጊምጄ ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያው የሩዝ ማሳ ነው፣ ከግቢያችን አንድ ዛፍ በቀር ጥላ የሚባል ነገር የለም። የዶሮ ቤታችን ረጅም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ባንደኛው ጫፍ ትልልቅ ማራገቢያዎች አሉት። የምናረባው የእንቁላል ዶሮ ነው። መሬቱም ቤቱም በአማቴ ስም ነው፤ ሥራው ግን በእኔ ጫንቃ ላይ።

ያን ዓመት ሙቀቱ ከወትሮው ቀድሞ ገባ። ዶሮ ሲሞቀው አያልበውም። አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ክንፉን ከገላው አርቆ ይዘረጋል፣ መኖውን ትቶ ውሃ ላይ ይተከላል። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ስሰበስብ ቅርፊቱ እየሳሳ መጣ። አንዳንዱማ ጭራሽ ቅርፊት አልነበረውም፤ በስስ ቆዳ እንደተሸፈነ ነገር መዳፌ ላይ ተንቀጥቅጦ ይፈርጥና አስኳሉ በክንዴ ይወርዳል፣ ዝንቡም ተከትሎት ይወርዳል። ታጥቤም ታጥቤም ሽታው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለኝ።

የወረዳዋን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ቢንን ጠራኋት። ወጣት ናት፤ ገና ሳትገባ ጫማዋን በላስቲክ የምትሸፍን፣ ከኩሱ ላይ በጓንቷ ቆንጥራ ወደ ዓይኗ አቅርባ የምታይ ልጅ። ዶሮዎቹን ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ ወልሱን፣ እንዲህ ሲያለከልኩ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ እንዳይመስልዎት። ደማቸው ይዛባል፤ ቅርፊቱ የሚሠራበትም ነገር አብሮ ይወጣል። የሰውነታቸው ጨው ደግሞ በኩሱ በኩል ያልቃል። ቅርፊቱ ቢሳሳ አይፍረዱባቸው።»

«እኔ ምን አባቴ ላድርግ ልጄ? ማራገቢያው ቀን ከሌት ነው የሚዞረው።»

«እሱ ይዙር። ጎሕ ሲቀድ፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ቤኪንግ ሶዳና የፖታሲየም ጨው በጥብጠው ይስጧቸው። መኖው ላይ ዚንክና ሴሌኒየም የሚባሉ ማዕድናት ያሉበት ዱቄት እንጨምራለን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ የተፈጨ የባሕር ዛጎል። ግን በልክ! ቢበዛ ሆዳቸው ውሃ ይሆናል፣ ይባስ ብሎ ይገድላቸዋል።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ዱሲክ በዚያ ሲያልፍ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ በሩ ላይ ተደገፈና ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ለዶሮም ቅመም ጀመሩ እንዴ? ነገ ደግሞ የጎመን ኪምቺው የታለ ይሉዎታል!»

«አንተ ዘንድ ያሉት እየሞቱ አይደል? ይልቅ ሂድና እነሱን ቅበር።»

«ሙቀት ነው እትዬ። ሙቀትን ማን ይከሰዋል?» አለና ስንጥሩን ከአፉ አውጥቶ መኖ ገንዳዬ ውስጥ ጣለው።

በጎረቤት መንደር የራሱ የዶሮ ቤት ነበረው። ማራገቢያዎቹ ግማሾቹ የተቃጠሉ ናቸው፤ አያሠራቸውም። ኩሱንም አያስጠርግም። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው አፍንጫውን በእጁ ይዞ ነበር የሚያልፈው።

የኔዎቹ ግን ቀስ በቀስ አገገሙ። አመሻሽ ላይ መኖ ማንሳት ጀመሩ፣ አናታቸው ላይ ያለው ኩክኒ ቀላ፣ እንቁላሉም እጅ ላይ መጠንከር ጀመረ። ደስ አለኝ። ዱሲክም አየ፤ እሱ ያየው ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው ደኅና ሆኖ አያውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ መጥቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። አማቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። እሷ ያቀረበችለትን ሩዝ እየጎረሰ፣ እየተናገረም እየበላም፣ ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ እየዘነበ፣ እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ የእትዬ ዱቄት ተአምር ነው። ይኸ ካለ ማራገቢያ ምን ያደርጋል? የኔንም ዶሮዎች እዚህ እናግባቸውና አብረው ይብሉ።»

«ቦታ የለም» አልኩት። «አሁንም እንደምንም ነው የተቃቀፉት። ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ማዕድኑ የሚረዳው መተንፈሻ ያገኘ ዶሮን ነው። ከደራረብካቸው ማንንም አያድንም።»

«ሐኪሟ! ያቺ የትናንት ልጅ? ዶሮ ማርባት ከእሷ ልንማር?»

«ከማራገቢያ ነጋዴም ቢሆን ተማር። የራስህን አሠራ።»

አማቴ ቀና ሳትል ቢላዋዋን አስቀመጠች። «የባልሽ ወንድም ዶሮ በሙቀት ይለቅ ነው የምትይው? ቤቱን የሠራው አባታቸው ነው። ይግቡ።»

በቃ፤ አማቴ ይግቡ ካለች ይገባሉ። በጭነት መኪና አመጣቸው። ጎናቸው የተመለጠ፣ ቆዳቸው የቀላ፣ እግራቸው ላይ ኩስ ደርቆ ጫማ የሆነባቸው ናቸው። ለሁለት በሚበቃ የሽቦ ሣጥን አራት አምስት ሆነው ተሰገሰጉ። ከላይ ያሉት የሚጥሉት ከታች ባሉት ጀርባ ላይ ይወርዳል። የኩሱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ገብቼ ስወጣ እንደ ለቅሶኛ እንባዬ ይፈስ ነበር። ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው፣ የዚያ ሁሉ ዶሮ ማለክለክ። ማታ ተኝቼም ይሰማኛል። ዱሲክ ዘንድ ሄጄ ለመንኩት፤ «ዱቄቱን ጨመር ያድርጉላቸው» አለኝ።

ከማልቦክ በፊት ባለው ቀን እንቁላል ይዤ ጆንጁ ገበያ መሄድ ነበረብኝ። ማልቦክ ማለት ሙቀቱ ሊሰናበት ሲል ሰው ሁሉ ዶሮ ቀቅሎ የሚበላበት የመጨረሻው ቀን ነው። ሰማዩ ከማለዳው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ውሃውን በልኩ በጥብጬ ሰጠኋቸውና ዱሲክን እንዲጠብቃቸው ነገርኩት።

«ውሃው እንዳይቋረጥ፣ ማራገቢያውም እንዳይጠፋ። ዱቄቱን እንዳትነካ፤ የዛሬያቸውን ጠጥተዋል።»

«ይሂዱ እትዬ፣ እኔ አለሁ አይደል?»

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከበሩ ጀምሮ አንድ ነገር ጎደለኝ። የማለክለኩ ድምፅ አልነበረም። የማራገቢያዎቹም ድምፅ ግማሹ የለም። ዱሲክ ከዛፉ ሥር የእንጨት መደብ ላይ ተጋድሞ ሐብሐብ ይበላል፤ ፍሬውን ወደ ደረቱ እየተፋ።

«ምን ሆኑ?»

«ሙቀት ነው እትዬ። ዱቄትዎም አላዳናቸው።»

ገባሁ። ወለሉ ከኩስ ይልቅ ቆሻሻ ውሃ ነበር፤ ቡትስ ጫማዬ ተዋጠ። ዶሮዎቹ አንገታቸውን በሽቦው አሾልከው ተንጠልጥለዋል፤ በሕይወት ያሉት በሞቱት ላይ ቆመዋል። ከሞቱት የአንዳንዱ ሆድ አረንጓዴ መስሏል። አንዷን ሳነሳት ከአፏ የፈሰሰው ፈሳሽ ሞቃት ነበር፤ ገና ከውስጥ እየተቀቀለች እንደሆነ ሁሉ። ወጥቼ አስመለስኩና ተመልሼ ገባሁ።

የጠፉትን ማራገቢያዎች አበራሁ፣ ለዶክተር ቢን ደወልኩ። ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የውሃውን በርሜል ነው። ጣቷን ነክራ ቀመሰችና እንትፍ አለች።

«ይኸ ውሃ ነው ወይስ የዓሣ ማድረቂያ ጨው? ማነው የበጠበጠው?»

ዱሲክ ከበሩ ሆኖ «ቢበዛ ምን አለበት? መድኃኒት አይደል?» አለ። «ሲያቃስቱ አየሁና ሞላ አድርጌ ሰጠኋቸው። ማራገቢያውም እንቅልፍ ነሳኝ፤ ጥቂቱን አጠፋሁት።»

«ጨው ሲበዛባቸው ብሶ ያስጠማቸዋል፣ ሆዳቸውን ይፈታዋል። በዚያ ላይ አየር ነሷቸው።» ዶክተር ቢን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ፊቷ ግን ነጥቶ ነበር። «በርሜሉን ድፉትና ንጹሕ ውሃ ስጡ። የሞቱት ዛሬውኑ ወደ ማስወገጃው ይሂዱ። ሰው አይደለም፣ ውሻም እንዳይቀምሳቸው።»

ዱሲክ እጁን ሲያነሳ ዓይኔን አላመንኩም። «እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለ። ሥራ ሲሸሽ የኖረ ሰው በጆንያ በጆንያ እየጠቀጠቀ መኪናው ላይ ጫነ። አማቴም ሮጣ ከፊት ተቀመጠች። «ልርዳው» አለችኝ። በጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው የረዳውን ስለማይጠይቅ ይሂዱ አይሂዱ አላልኳትም። ማታ እዚያው ልጇ ዘንድ አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ብቅ ስትል ፊቷን አዙራ ገባች። እጅጌዋ ላይ የረጠበ ላባ ተለጥፏል፤ ጣቶቿም ፍል ውሃ እንደነካው ሰው እጅ ቀልተው ተጨማደዋል።

«እማማ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ዕቃ ሳጥብ ነው።»

እኔም ከሞት የተረፉትን ዶሮዎች ማጠቡ ላይ ነበርኩና ተውኩት። የመንደሩ ሊቀ መንበር አቶ ማ ድምፅ ማጉያው ላይ የጮኸው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። የመንደራችን ድምፅ ማጉያ የውሃ መቋረጥም፣ ሞትም፣ ግብዣም የሚነገርበት ነው።

«አ፣ አ፣ ይሰማል? የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ዛሬ ማልቦክ ነው። በወንድማችን በዱሲክ ቸርነት በመንደሩ አዳራሽ የዶሮ ሾርባ ተዘጋጅቷል። ማንኪያ መያዝ አያስፈልግም፣ ማንኪያ አለ። ጥርስ ግን ይዛችሁ ኑ!»

የማጥብበትን የውሃ ቱቦ እንደያዝኩ ቆምኩ። ውሃው በእግሬ ላይ ይፈስሳል። ዱሲክ ዶሮ ከየት አመጣ? የሱ ዶሮዎች ሁሉ ያሉት እኔ ቤት ነው። ከእኔ ቤት የወጡት ደግሞ ትናንት በጆንያ የወጡት ናቸው።

ኩስ በለበሰ ቡትስ ጫማዬ ሮጥኩ።

አዳራሹ በእንፋሎት ታፍኗል። አሮጌዎቹ ሁሉ ዝቅ ባሉት ጠረጴዛዎች ዙሪያ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ፊት ሳህን፣ ሳህኑ ውስጥ ነጭ ሾርባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጂንሰንግ ሥር፣ የተቀቀለ ዶሮ። እግዜር ይስጠውና አቶ ማ ገና ንግግር ላይ ነበር፤ ንግግሩ ሳያልቅ ታላቃቸው ማንኪያ አያነሳም፣ ታላቃቸው ሳያነሳ ሌላው አያነሳም። አማቴ ከጥግ ተቀምጣለች፣ እጆቿን ከጠረጴዛው በታች ደብቃ። ዱሲክ አዲስ ሽርጥ አስሮ ጭልፋውን ይዞ ከድስቱ አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ ወዝቶ ያበራል።

ቀጥታ ወደ ድስቱ ሄጄ አንድ ዶሮ በእጄ ጎትቼ አወጣሁ። እጄ ተቃጠለ። ጭኑን ገንጥዬ አየሁት። መገጣጠሚያው ላይ ደሙ ጠቁሮ ረግቷል፤ ከቆዳው ሥር የአንገቱ ሥር ሁሉ ወይን ጠጅ መስሏል። ነጭ ሽንኩርቱን አልፎ የትናንቱ ሽታ አፍንጫዬ ገባ።

«ዱሲክ፣ እነዚህን ማን አረዳቸው?»

ሳቀ። «እትዬ፣ ጫማዎን እንኳ ሳያወልቁ! ይቀመጡ፣ ሳህን ልስጥዎት።»

«ማን አረዳቸው አልኩህ! ደማቸው የት ፈሰሰ?»

አቶ ማ ንግግሩን አቋረጠ። «ምንድነው ነገሩ?»

«በክት ነው» አልኩ። «ትናንት በሙቀትና በጨው ያለቁት የኔ ቤት ዶሮዎች ናቸው። ሐኪሟ ውሻ እንኳ አይቅመሳቸው ብላ ነበር። ጥንብ ነው የሚያበላችሁ!»

አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ሲቀመጥ ተሰማ። አንዲት አሮጊት አፏን በሻርፗ ያዘች። ዱሲክ ወደ ሰዉ ዞሮ እጆቹን ዘረጋ፦

«ሙቀቱ አናቷን መታት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። እኔ ለአባቶቼ ብዬ...»

«ደኅና። እንግዲያው መጀመሪያ አንተ ብላ።»

ጭልፋውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዶሮ አይተህ ዝም ብለህ የማታውቅ! ሳህንህ የታለ?»

ሰው ሁሉ ወደ ቦታው አየ። በእሱ ቦታ የነበረው የቀዘቀዘ ኑድል ነው። የራሱን ምግብ ከቤቱ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ሆዴን አሞኛል» አለ ቀስ ብሎ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጥርስ የሌለው አያ ኩ፣ «አሃ፣ የእኛ ሆድ ደኅና ነው ተብሎ ነዋ!» አለ። የሳቀ ግን አልነበረም።

በዚያ ጊዜ አማቴ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። ቀይ፣ የተላጡ እጆቿን ሁሉም አየ። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች፣ ጭኑን በእጇ አነሳች፣ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳትነቅል ነከሰችው። አኘከች። ዋጠች። ደግማ ነከሰች። ከከንፈሯ ሾርባው ወደ አገጯ ወረደ፣ አልጠረገችውም። የማላመጧ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ጥሩ ዶሮ ነው» አለች። «ልጄ ለመንደሩ ያዘጋጀው ጥሩ ዶሮ ነው። ብሉ።»

ማንም አልበላም። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የባሌን ደም ያለበት አክታ ጠርጌያለሁ፣ የዶሮ ትል በእጄ ለቅሜያለሁ። እንደዚያ ያለ መጸየፍ ግን ገብቶኝ አያውቅም፤ ከሥጋው ይልቅ ያቺ አሮጊት ስትውጠው ማየት። ዱሲክ ቆሞ ያያታል። እናቱ ናት፤ እጁን ዘርግቶ ሳህኑን ሊነጥቃት ይችል ነበር። ሽርጡን እያሻሸ ቆመ።

እኔው ሄጄ ሳህኑን ከእጇ ነጠቅኩና ከበሩ ውጭ ወረወርኩት። ከዚያ ድስቱን በጫማዬ ገፋሁት። ሾርባው በወለሉ ላይ ሲዘረጋ አሮጌዎቹ እየተደጋገፉ ወደ ግድግዳው ሸሹ፤ ዱሲክ ካልሲው ረጥቦ እየዘለለ «አዋረድሽን! ቤታችንን አዋረድሽ!» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ከወረዳው ሰዎች መጡ። በዱሲክ ግቢ የላባ ክምር፣ ፍል ውሃ የነበረበት በርሜልና ገና ያልተቀቀሉ በማቀዝቀዣ የተደረደሩ ዶሮዎች ተገኙ፤ እነዚያን ለአንድ ምግብ ቤት ሊያስረክብ ተስማምቶ ነበር። ሥጋው እንዳይጠረጠር ነበር መንደሩን የጋበዘው፤ ሰው በልቶ ደኅና ካደረ የቀረውን ማን ይጠይቃል? ተከሰሰ፣ ተቀጣ፣ ዶሮ እንዳያረባ ተከለከለና ወደ ወደብ ከተማዋ ጉንሳን ሄዶ ከጀልባ ዓሣ ማራገፍ ጀመረ።

አማቴ ታመመች። ከላይም ከታችም ያጣድፋት ጀመር። አልጋዋን የማነሳው፣ ልብሷን የማጥበው፣ የሩዝ ሙቅ የማጠጣት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፊቷን ስጠርግላት ጠየቅኋት።

«እማማ፣ እያወቁ ለምን በሉት?»

«ልጄ በሰው ፊት ብቻውን ይቁም?» አለችኝ።

«ሰው ቢሞትስ?»

«አልሞተም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አንቺ ድስቱን በስተጀርባ በር ማውጣት ትችይ ነበር። በሰው ፊት ነው የገለበጥሽው።»

ጨርቁን አጠብኩና ወጣሁ።

መንደሩ አመሰገነኝ ማለት አልችልም። አያ ኩ ሲያገኘኝ «ሽታው ግን ደኅና ነበር እኮ» ይለኛል። ሌሎቹ ደግሞ ሰላምታ ይሰጡኝና ስለ አየሩ ያወራሉ። ጆንጁ ገበያ ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሴቶቹ እንቁላሌን አንስተው ወደ ብርሃን ያዩታል፣ «ከየትኛው መንደር ነው?» ይላሉ፣ ስነግራቸው ቀስ አድርገው ይመልሱታል፣ ጣታቸውንም በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ። ለጥቂት ሳምንታት የሰበሰብኩትን ደፋሁ። እኔም ዶሮ አልበላም፤ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ሲሸተኝ እንኳ ከሰው መሀል እነሳለሁ።

የተረፉትን ዶሮዎች በቤቱ ውስጥ ሰፋ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ዶክተር ቢን እየመጣች አየቻቸው። በቀጣዩ ሙቀት ውሃውን ጎሕ ሲቀድ በልኩ በጠበጥኩ፣ ዚንኩን ከመኖው ጋር አሸሁ፣ ማራገቢያዎቹን በሙሉ አዞርኩ። የሞቱ ነበሩ፤ ቁጥራቸው ግን ከጣቶቼ አያልፍም። እንቁላሉ ደኅና ድምፅ ያለው፣ እርስ በርሱ ሲነካካ ቅል ቅል የሚል ሆነ። ገበያውም ቀስ እያለ ረሳ።

አማቴ ያልረሳችው ነገር ነበር። ሙቀቱ ሲበርድ ጓዟን ጠቀለለችና ጉንሳን ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ አለች። አንዲት ክፍል ነው ያለው፣ የዓሣ ሽታ ግድግዳው ውስጥ የገባ። አውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩላት። ሩዝና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ የሰሊጥ ቅጠል ቋጥሬላት ነበር፤ እሱን ተቀበለች። አብሬ ያዘጋጀሁላትን የእንቁላል ሣጥን ግን በእጇ ገፋችው።

«ቤቱን ምን ላድርገው እማማ?» አልኳት።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ። ዶሮዎቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።»

አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ክንዷን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። አልያዘችውም፤ ብረቱን ይዛ ወጣች። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችና ወደ ፊት አየች።

አውቶቡሱ ከሩዝ ማሳዎቹ ወዲያ እስኪሰወር ቆምኩ። ከዚያ ወደ ዶሮ ቤቱ ተመለስኩ፤ የውሃው በርሜል ውስጡን አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞት ነበርና ገብቼ መፋቅ ጀመርኩ።